ቢራቢሮ ፍለጋ በእንግሊዝ ገጠር፦ መጀመሪያ ተክሉን እወቁት

የምኖረው ለንደን ነው። ከጁን እስከ ኦገስት መጨረሻ ድረስ፣ የዕረፍት ቀኔ ፀሐያማ ከሆነ ካሜራዬን ይዤ ወደ ገጠር እወጣለሁ። የማነሳው ቢራቢሮ ነው። ፎቶዎቹን ያዩ የአገሬ ልጆች ሁሌም ሁለት ነገር ይጠይቁኛል። አንደኛው "የት አገኘሽው?" ነው። ሁለተኛው "እንዴት ዝም ብሎ ተነሳልሽ?" ነው። የሁለቱም መልስ አንድ ነው። ዘንድሮ ለመውጣት ለምታስቡ ይጠቅማል ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ።

መልሱ ይኼ ነው፦ ቢራቢሮውን አትከተሉት። ተክሉን ፈልጉና እዚያ ጠብቁት።

ቢራቢሮ ሲያዩት እንዲሁ የሚንከራተት ይመስላል። እንደዚያ ግን አይደለም። የእያንዳንዱ ዝርያ አባጨጓሬ የሚበላው የታወቀ ተክል አለ። አንዳንዱ ሁለት ሦስት ዓይነት ይበላል። አንዳንዱ ደግሞ ከአንድ ተክል በቀር ምንም አይቀምስም። ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው እዚያው ተክል ላይ ወይም አጠገቡ ነው። ወንዱም እሷን ፍለጋ እዚያው አካባቢ ሲዞር ይውላል። ስለዚህ ተክሉ የት እንደሚበቅል ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው። በብሪታንያ ያሉት የቢራቢሮ ዝርያዎች 59 ገደማ ብቻ ናቸው። ትንሽ ትዕግስት ያለው ሰው ቀስ በቀስ ሁሉንም በስማቸው ሊያውቃቸው ይችላል።

ለእኛ ሰው ቀላሉ ምሳሌ ብሪምስቶን የሚባለው ነው። ወንዱ ደማቅ ቢጫ ነው። ክንፉን ሲያጥፍ ቅጠል መስሎ ቅጠል መሃል ይጠፋል። ሙሉ ቢራቢሮ ሆኖ ክረምቱን በቅጠል መሃል ተደብቆ ስለሚያሳልፍ፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ማርች ላይ ብቅ ከሚሉት አንዱ ነው። አባጨጓሬው የሚበላው ሁለት ዓይነት ቁጥቋጦ ብቻ ነው። አንደኛው የጌሾ የቅርብ ዘመድ ነው። ጌሾም እሱም ራምነስ በሚባለው ወገን ውስጥ ናቸው። ይህን ካወቅኩ ጀምሮ በአጥር ጥግ ያንን ቁጥቋጦ ሳይ ቆም እላለሁ። በሜይ ቅጠሉን ቀስ ብላችሁ ገልብጡት። እንቁላሉ ወይም አረንጓዴው አባጨጓሬ ብዙ ጊዜ አይጠፋም።

ለጀማሪ የምመክረው ቦታ ቦክስ ሂል ነው። ሰሪ (Surrey) በሚባል አውራጃ ውስጥ ያለ ኮረብታ ነው። ከዋተርሉ ወይም ከቪክቶሪያ በባቡር አንድ ሰዓት አይፈጅም። ቦክስ ሂል ኤንድ ዌስትሃምብል የሚባለው ጣቢያ ላይ ትወርዳላችሁ። ከዚያ በእግር ነው። መኪና አያስፈልግም። ቦታውን የሚያስተዳድረው ናሽናል ትረስት የሚባል የተፈጥሮና የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ነው፤ ለመግባት ክፍያ የለውም።

ኮረብታው ከሥሩ ጠመኔ ነው። አፈሩ በተሸረሸረበት ቦታ ነጩ ይታያል፤ ሲነኩት እጅ ያነጣል። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ጠመኔ ነው። ጠመኔ ውሃ አይዝም። ከላዩ ያለው አፈር ስስና ድሃ ነው። ለም መሬት ላይ ረጅም ሳር ይነሳና አበባውን ሁሉ ይውጠዋል። እዚህ ግን ሳሩ አቅም ስለሌለው፣ አጫጭር አበባዎች መሬት ለመሬት ተዘርግተው ይኖራሉ። ወገባቸው ላይ ነጭ መቀነት ያላቸው ጥቁር ከብቶችም ሳሩን እየጋጡ ያሳጥሩታል። ቁልቁለቱ ደግሞ ወደ ደቡብ የዞረ ስለሆነ ፀሐይ ሲውልበት ይሞቃል። ቢራቢሮ የሚፈልገው ይኼንኑ ነው፤ ሙቀት፣ አጭር ሳርና አበባ።

እዚህ የምትፈልጉት ተክል ሆርስሹ ቬች ይባላል። ከአተርና ከባቄላ ወገን ነው። ቢጫ አበባ አለው፤ መሬት ላይ ተጋድሞ ነው የሚያድገው። ቾክሂል ብሉ እና አዶኒስ ብሉ የሚባሉት ሰማያዊ ቢራቢሮዎች አባጨጓሬያቸው ከእሱ ሌላ አይበላም። አባጨጓሬዎቹ ጣፋጭ ፈሳሽ ያወጣሉ። ጉንዳኖች ያንን እየላሱ ከጠላት ይጠብቋቸዋል። ከባቡር ጣቢያው በስተምዕራብ ዴንቢስ ሂልሳይድ የሚባል ሌላ ቁልቁለት አለ። ሁለቱንም ዝርያ እዚያ ማየት ይቻላል። ሰውም ከቦክስ ሂል ይቀንሳል።

ለመለየት እንዲህ አድርጉ። ቾክሂል ብሉ ወንዱ ሰማያዊነቱ የፈዘዘ፣ ወደ ብርማ የሚያደላ ነው። የሚበዛው ከጁላይ መጨረሻ እስከ ኦገስት አጋማሽ ነው። አዶኒስ ብሉ ወንዱ ደማቅ ነው፤ ዓይን ይስባል። በዓመት ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ መጀመሪያ በሜይና በጁን፣ ከዚያ ደግሞ በኦገስትና በሴፕቴምበር። በየሜዳው የሚታየው ኮመን ብሉ ከአዶኒስ ጋር ይምታታል። የክንፉን ጠርዝ እዩ። ጠርዙ ላይ ያለው ጠጉር መሳይ ነጭ ዘርፍ ምንም ሳያቋርጠው ንጹሕ ነጭ ከሆነ ኮመን ብሉ ነው። ነጩን ጥቃቅን ጥቁር መስመሮች ከቆራረጡት አዶኒስ ወይም ቾክሂል ነው። ሴቶቹ ግን ቡናማ ስለሆኑ ያስቸግራሉ። ለዚህ ነው የክንፉን ላይም ሥሩንም አንሱ የምለው። ቤት ገብታችሁ ስትለዩ ሥሩ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ይረዷችኋል።

አንድ ጊዜ አክስቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ እዚሁ ቁልቁለት ላይ ይዣት ወጣሁ። እኔ ተንበርክኬ ቢራቢሮ ሳነሳ እሷ ሳሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከእጇ ሥር የነበረውን ቅጠል ቆንጠር አድርጋ በሁለት ጣቷ ፈተገችውና አሸተተችው።

"አንቺ! ይኼ ጦስኝ አይደለም እንዴ?"

"ነው እቴቴ። የእዚህ አገር የዱር ጦስኝ ነው።"

"ታዲያ ዝም ብለሽ ትረግጪዋለሽ?"

እውነቷን ነው። የደጋችን ጦስኝና ይኼኛው አንድ ወገን ናቸው። የእዚህኛው አበባ ሐምራዊ ነው፤ ቅጠሉ ደቃቅ ነው፣ ሽታው ደግሞ ትንሽ ለስለስ ይላል። በጁላይ ቢራቢሮና ንብ አይለየውም። ከእሷ ጋር ከወጣሁ ወዲህ ከመንበርከኬ በፊት ጉልበቴ የሚያርፍበትን ቦታ አያለሁ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። የምትረግጡት ተክል ላይ እንቁላል ሊኖር ይችላል።

ጦስኝን ካነሳሁ ላርጅ ብሉ ስለሚባለው ቢራቢሮ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ለእኔ በእንግሊዝ አገር ካሉት የቢራቢሮ ታሪኮች የሚበልጥብኝ የለም።

ላርጅ ብሉ እንቁላሉን የሚጥለው የጦስኝ አበባ ላይ ነው። አባጨጓሬው ሦስት ሳምንት ያህል አበባውን ከበላ በኋላ መሬት ላይ ይወድቃል። እዚያ ቀይ ጉንዳን ያገኘዋል። አባጨጓሬው የጉንዳን እጭ የሚሸተውን ሽታ ስለሚያወጣ፣ ጉንዳኑ የራሱ ልጅ መስሎት ተሸክሞ ጎጆው ያስገባዋል። አባጨጓሬው እዚያ አሥር ወር ገደማ ይቀመጣል። የሚበላው የጉንዳኖቹን እጭ ነው። በመጨረሻ ቢራቢሮ ሆኖ ከጉድጓዱ ወጥቶ ይበራል።

ይህ ቢራቢሮ በ1979 ከብሪታንያ ጠፋ። ሰዎች ለብዙ ጊዜ ቢራቢሮ ሰብሳቢዎች ጨረሱት ይሉ ነበር። አጥርም አጠሩለት፤ አልዳነም። እንዲያውም አጥሩ ከብት እንዳይገባ አድርጎ ጉዳቱን አባሰው። ምክንያቱን ያገኘው ጄረሚ ቶማስ የሚባል ሳይንቲስት ነው። በ1970ዎቹ ቦታው ላይ ተቀምጦ ሲያጠና፣ አባጨጓሬው በደንብ የሚያድገው በአንድ የቀይ ጉንዳን ዝርያ ጎጆ ውስጥ ብቻ መሆኑን አወቀ። ያ ጉንዳን ደግሞ አጭር ሳርና ሞቃት መሬት ይፈልጋል። በ1950ዎቹ በሽታ ገብቶ የአገሩን ጥንቸል ፈጅቶት ነበር። የሚግጠው ሲጠፋ ሳሩ ረዘመ። መሬቱ ቀዘቀዘ። ጉንዳኑ ጠፋ፤ ቢራቢሮውም ተከተለ። ምክንያቱ ሲታወቅ ከብት መልሰው አስገቡ፤ ከ1983 ጀምሮ ደግሞ ከስዊድን አምጥተው መልሰው ለቀቁት። ዛሬ ሱመርሴት ውስጥ ኮላርድ ሂል በሚባል ኮረብታ ላይ ማንም ሰው ሄዶ ሊያየው ይችላል። ጊዜው ከጁን አጋማሽ እስከ ጁላይ መጀመሪያ ነው። ከለንደን ሩቅ ስለሆነ ለአዳር ተዘጋጅታችሁ ሂዱ። መንገዱን ለቃችሁ አትውጡ፤ ጦስኙም ጉንዳኑም ከእግራችሁ ሥር ናቸው።

አሁን ወደ ፎቶው ልምጣ።

ከካሜራ በፊት የአየሩ ጠባይ ይቀድማል። ከ1976 ጀምሮ በዚህ አገር በጎ ፈቃደኞች በየሳምንቱ በአንድ መንገድ እየሄዱ ቢራቢሮ ይቆጥራሉ። የእነሱ ደንብ ለእኛም ይሠራል። ሙቀቱ ከ13 ዲግሪ በታች ከሆነ ቆጣሪዎቹ አይወጡም። ከ13 እስከ 17 ከሆነ ፀሐይ መኖር አለበት። ከ17 በላይ ከሆነ ደመናም ቢሆን ቢራቢሮዎቹ ይበራሉ። ነፋስ ከበረታ ግን ቀኑን ለሌላ ነገር አውሉት። ቢራቢሮ ቢገኝ እንኳ አበባው እየተወዛወዘ ፎቶ አያስነሳም።

ቆጣሪዎቹ የሚወጡት እኩለ ቀን አካባቢ ነው፤ እሱ ለመቁጠር ነው። ለፎቶ ግን ጠዋትና ማታ ይሻላል። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ልናገር። ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢራቢሮ ሰውነቱ ገና ስላልሞቀ ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። ቶሎ አይነሳም። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ካለፈ ግን ማረፍ የሚባል ነገር የለም። ያኔ ጥላ ሥር ገብታችሁ ምሳችሁን ብሉ።

እኔ ከሁሉም የምወደው ፀሐይና ደመና የሚፈራረቁበትን ቀን ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ቀን ይጠላል። ደመና ፀሐይን ሲጋርድ ቢራቢሮው ወዲያው ያርፍና ክንፉን ያጥፋል። ያረፈበትን ቦታ በዓይናችሁ ያዙ። በዚያን ጊዜ ቀስ ብላችሁ ጠጉት፤ ካሜራችሁንም አስተካክሉ። ፀሐይ ስትመለስ ከመብረሩ በፊት ክንፉን ይከፍታል። ያቺ ጊዜ የእናንተ ናት። ባለፈው ኦገስት አንድ ቾክሂል ብሉ በዚህ መንገድ ሐምራዊ አበባ ላይ አገኘሁ። ደመናው ሲያልፍ ክንፉን ግማሽ ከፈተ። ደረቱ ላይ ያለው ነጭ ጠጉር አንድ በአንድ ይታይ ነበር። ከዚያ እንደ ሰዓት ሞላ የተጠቀለለች ምላሱን ዘረጋና ከአበባው ጉድጓድ አንዱን ትቶ ሌላውን እየፈተሸ ወለላውን ይስብ ጀመር። መብላት ከጀመረ ደግሞ እናንተን ይረሳል። እስከ አንድ ክንድ ድረስ መጠጋት ይቻላል።

ስትጠጉ ጥላችሁ እንዳያርፍበት። ከምንም በላይ የሚያስነሳው ጥላ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ከኋላችሁ ከሆነች ዝቅ በሉ፤ ወይም ወደ ጎን ዞር በሉ። ቆማችሁ ከላይ አትምጡበት። ከሩቅ ተንበርከኩና በዝግታ ተጠጉ። መጀመሪያ ካላችሁበት ሆናችሁ አንድ አንሱ፤ ከዚያ ትንሽ ተጠግታችሁ ሌላ አንሱ። ቢያመልጣችሁ እንኳ ምን እንደነበር የምትለዩበት ፎቶ ይኖራችኋል።

እኔ የምጠቀመው 100 ሚሊሜትር ማክሮ ሌንስ ነው። ጥቅሙ አጉልቶ ማሳየቱ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ሳልጠጋው ማንሳት መቻሌ ነው። የካሜራውን የማንሻ ፍጥነት 1/500 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ አደርጋለሁ፤ አፐርቸሩን፣ ማለት የሌንሱን የብርሃን መግቢያ፣ ኤፍ 8 አካባቢ። አይሶውን፣ ማለት ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን መጠን፣ ለካሜራው እተውለታለሁ። ትልቁ ምስጢር ግን ቁጥሩ ላይ አይደለም። ካሜራችሁ ከክንፉ ጋር ትይዩ ይሁን። ክንፉ የታጠፈ ከሆነ ከጎኑ ሁኑ፤ የተዘረጋ ከሆነ ከላዩ። ትንሽ እንኳ ከተጋደመ ግማሹ ጥርት ብሎ ግማሹ ይደበዝዛል። ፎከሱን ዓይኑ ላይ አድርጉ።

ስልክ ብቻ ያላችሁ አትቅሩ። ዘመናዊ ስልክ ጥሩ ሥራ ይሠራል። በጣም ከመጠጋት ይልቅ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ በሚያቀርበው ሌንስ ትንሽ ራቅ ብላችሁ አንሱ። ስክሪኑ ላይ ዓይኑን ነክታችሁ ፎከስ አድርጉ። ማርብልድ ዋይት የሚባለውን ነጭና ጥቁር ቢራቢሮ ስታነሱ ብርሃኑን ዝቅ አድርጉት፤ አለዚያ ነጩ ከልክ በላይ ያበራና ዝርዝሩ ይጠፋል። በተከታታይ አንሱ። ከሃያው አንዱ ጥሩ ከወጣ በቂ ነው።

የማታው ደግሞ ሌላ ነው። ጁላይ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ምሽት 3 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ጊዜ አለ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ሰማያዊዎቹ ከነፋስ የተከለለ ቆላማ ቦታ ይፈልጉና ረጅም የሳር አገዳ ላይ ተሰብስበው ያድራሉ። ራሳቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው ነው የሚያርፉት። በዚያ ሰዓት አይበሩም። ትራይፖድ ተክላችሁ፣ ከኋላቸው የሚመጣውን ብርሃን ተጠቅማችሁ በእርጋታ ማንሳት ትችላላችሁ። አገዳውን ግን አትንኩ።

ሜዳውን ከለመዳችሁ በኋላ ጫካ ግቡ። ከቦክስ ሂል ብዙም ሳይርቅ ቡካም ኮመን አለ። ቡካም ጣቢያ ወርዳችሁ ጥቂት እንደተራመዳችሁ ጫካው ይጀምራል። በጁላይ መጀመሪያ እዚያ ሲልቨር ዎሽድ ፍሪቲለሪ የሚባለውን ትልቅ ብርቱካንማ ቢራቢሮ ታያላችሁ። ፀሐይ የገባበት ገላጣ ቦታ ላይ የዱር እንጆሪ አበባ ፈልጉና አጠገቡ ቁሙ። ይመጣል።

ሁሉም የሚያልመው ግን ፐርፕል ኤምፐረርን ነው። እሱ አበባ ላይ አታገኙትም። የሚኖረው ከዛፍ አናት ነው፤ የሚጠጣውም የዛፍ ፈሳሽ ነው። ወንዱ ጠዋት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ማዕድን ፍለጋ መሬት ላይ ይወርዳል። እርጥብ ጭቃ ላይ፣ እበት ላይ፣ የውሻ ዓይነ ምድር ላይ ሳይቀር ያርፋል። ስለዚህ እዚያ ጫካ ስትሄዱ መንገዱን እያያችሁ ሂዱ። ሐምራዊው ቀለም ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚታየው። ቀለሙ የሚመጣው ብርሃን ክንፉ ላይ ሲሰበር ስለሆነ፣ ትንሽ ዞር ካላችሁ ቡናማ ይሆንባችኋል። ቦታ እየቀየራችሁ አንሱ። የአባጨጓሬው ምግብ የአኻያ ዛፍ ነው። ዌስት ሰሴክስ ውስጥ ኔፕ የሚባል ርስት አለ። ከ2001 ገደማ ጀምሮ ባለቤቶቹ እርሻውን ትተው መሬቱን ለተፈጥሮ ለቀቁት። አኻያው ራሱ በቅሎ ሞላው። ኤምፐረሩም ተከትሎ መጣ። ዛሬ በአገሪቱ በብዛት ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ በመካከሉ የሕዝብ መንገድ ስላለ በእግር መግባት ይቻላል።

ስዋሎውቴል የሚባለውን ቢራቢሮ ለማየት ደግሞ ኖርፎክ መሄድ ግድ ነው። የእንግሊዙ ዘር ከኖርፎክ ብሮድስ ረግረግ ሌላ አይኖርም፤ አባጨጓሬው የሚበላው እዚያ የሚበቅል፣ ከካሮትና ከድንብላል ወገን የሆነ ተክል ነው። ስትራምፕሾ ፌን ጥሩ ቦታ ነው። ጁን ላይ ሂዱ።

ቦታ ሳይመርጥ በየሜዳው የሚገኝ አንድ ቢራቢሮ ግን አለ፤ ፔይንትድ ሌዲ። ኮሸሽላ ያለበት ሁሉ ይገኛል። ይህ ቢራቢሮ የእንግሊዝን ክረምት አይችልም። በየዓመቱ ከደቡብ ነው የሚመጣው፤ ጉዞው የሚጀምረው ከሰሐራ በታች ካለው አፍሪካ ነው። አንዱ መንገዱን ሁሉ አይጨርስም። መንገድ ላይ ይራባል፤ ልጆቹ ይቀጥላሉ። የደርሶ መልሱ ጉዞ 14,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እስከ ስድስት ትውልድ ይፈጃል። በ2009 ጸደይ 11 ሚሊዮን የሚሆኑ ወደ ብሪታንያ እንደገቡ ተገምቷል። ድሮ ሰው እዚህ መጥተው የሚሞቱ ይመስለው ነበር። በዚያው ዓመት በራዳር ሲታይ በመከር ወቅት ከፍ ብለው፣ 500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ወደ ደቡብ ሲመለሱ ተገኙ። እኔ ይህን ቢራቢሮ ሳይ ካሜራውን ሁሌም ቶሎ አላነሳም። መጀመሪያ በደንብ አየዋለሁ። ክንፉ ጠርዝ ላይ የተበላ፣ ቀለሙ የለቀቀ ከሆነ ከሩቅ የመጣ ነው።

አሁን ለመውጣት የሚያስፈልገውን ልንገራችሁ። ብዙ የአገራችን ሰው "የሰው መሬት ውስጥ ገብቼ ብጠየቅስ?" ብሎ ይፈራል። ሐቁ ይኼ ነው። በእንግሊዝ የሕዝብ የእግር መንገድ በግል እርሻ መሃል ቢያልፍም በእሱ የመሄድ መብት አላችሁ። ምልክቱ ምሰሶ ላይ ያለ ቢጫ ቀስት ነው። ሰማያዊ ቀስት ደግሞ ለፈረስም ለብስክሌትም ነው። በስልክ ላይ ኦርድናንስ ሰርቬይ የሚባለው የአገሪቱ ካርታ ሠሪ ድርጅት ካርታ ካላችሁ መንገዱ ሁሉ ይታያል። ከመንገዱ አትውጡ፤ የከፈታችሁትን በር ዝጉ። ጥጃ ያላት ላም ካለች ራቅ ብላችሁ እለፉ። ኮረብታ ላይ ካሜራ የያዘ ሰው ካያችሁ ሰላም በሉት። ቢራቢሮ የሚወዱ ሰዎች ያዩትን መናገር ደስ ይላቸዋል፤ እኔ ብዙ ቦታ ያወቅኩት በእነሱ ነው።

መዥገርን አትናቁ። ረጅም ሳር ውስጥ አለ፤ ላይም የሚባል በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ረጅም ሱሪ ልበሱ፤ ጫፉን ካልሲ ውስጥ ክተቱ። ቤት ስትገቡ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብትና ብሽሽት ፈትሹ፤ የልጆችን ደግሞ የጠጉር ሥር እዩ። ካገኛችሁት በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። በኋለኞቹ ሳምንታት ክብ ሆኖ የሚሰፋ ሽፍታ ከወጣ ሐኪም ዘንድ ሂዱና መዥገር እንደነከሳችሁ ንገሩ። ውሃና ኮፍያም ያዙ፤ ጠመኔው ኮረብታ ላይ ጥላ ጥቂት ነው።

ቢራቢሮ አትያዙ። ላርጅ ብሉንና ስዋሎውቴልን የመሳሰሉትን መያዝ በ1981 በወጣው ሕግ ክልክል ነው። ያልተከለከሉትም ቢሆኑ ክንፋቸው ላይ ያለው ዱቄት መሳይ ነገር በንክኪ ይረግፋል።

የመጨረሻው ነገር፣ ፎቶውን አንስታችሁ ብቻ አትቅሩ፤ ያያችሁትን አስመዝግቡ። ቢራቢሮ እየቀነሰ ነው። ከ1968 ጀምሮ ያለው በተርፍላይ ኮንሰርቬሽን የሚባለው ድርጅት በ2024 የቢራቢሮ አስቸኳይ ጊዜ አውጇል። ይህ ድርጅት በየዓመቱ ከጁላይ አጋማሽ ጀምሮ ሕዝቡን ቢራቢሮ ያስቆጥራል። ለመሳተፍ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ፀሐያማ ቀን ምረጡ። ገጠር፣ ፓርክ፣ የጓሮ አትክልት፣ የትም ይሁን። 15 ደቂቃ ብቻ ቁጠሩ። አንድ ቦታ ላይ ቆማችሁ ከሆነ ያው ቢራቢሮ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር፣ ከእያንዳንዱ ዝርያ በአንድ ጊዜ ያያችሁትን ትልቁን ቁጥር ያዙ። እየተራመዳችሁ ከሆነ ያያችሁትን ሁሉ ደምሩ። በነጻ የሚገኝ አፕ አላቸው፤ ሥዕሉ አብሮ ስላለ መለየቱ አያስቸግርም። ልጆች ካሏችሁ ይዛችኋቸው ውጡ፤ እነሱ ከእኛ ቀድመው ነው የሚያዩት። በ15 ደቂቃ ውስጥ አንድም ካላያችሁ ዜሮ ብላችሁ ላኩ። የት እንደጠፋ የሚታወቀው በእሱ ነው።